የዲዋና ጫማ

አክስቴ ከቤይሩት ከተመለሰች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ነው የመጣችው። አሁን ኮተቤ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። እኔ የፊልም ኤዲተር ነኝ። ታሪኳን ፊልም ላድርገው ብዬ ከጠየቅኋት ዓመት አልፎኛል፤ "እስቲ እናያለን" ከማለት በቀር ቁርጡን አልነገረችኝም። ባለፈው ወር ሦስት እሑድ ላፕቶፔን ይዤ ቤቷ ሄድኩና አፍሪካውያን ስለ ተበደሉ ሰዎች የሠሯቸውን ፊልሞች አብረን አየን። እሷ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ጨዋታችንን በስልኬ የቀዳሁት ፈቅዳልኝ ነው። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ፣ እዚህም ከልጅነቴ ጀምሮ በምጠራት እታለም ብያታለሁ።

እኔ፦ ፊልሙ ካለቀ ጀምሮ ዝም ብለሻል። ፈረንሳይኛው አስቸገረሽ እንዴ?

እታለም፦ መሀል ላይ እያቆምሽ ስትተረጉሚልኝ "ተዪው" ያልኩሽ እኮ ስለገባኝ ነው። ገና ከመነሻው ልጅቷ "ማዳም" ስትል ሰማኋት። ይቺን ቃል በሰባት ዓመት ስንት ጊዜ ያልኳት ይመስልሻል? "ሐዲር ማዳም፣ ሐዲር ማዳም"፣ እሺ ማዳም እንደማለት ነው፣ እንዳልኩ ነው የኖርኩት። እሷ ደግሞ "ዊ ማዳም" ትላለች። ያው ነው። መቼ የተሠራ ነው ያልሽኝ?

እኔ፦ እ.ኤ.አ. በ1966፤ በእኛ 1958 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የሠራው ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ነው። ከሰሃራ በታች ያለ አፍሪካዊ ከሠራቸው ረጃጅም ፊልሞች ውስጥ ቀድመው የዓለምን ዓይን ከሳቡት አንዱ ነው።

እታለም፦ እኔ ሳልወለድ ማለት ነው። ርዕሱስ ምንድን ነው?

እኔ፦ "ላ ኗር ደ…" ይላል። "ጥቁሯ፣ የ…" ብሎ ያቆመዋል። የማን እንደሆነች ሳይናገር በነጥብ ይተወዋል።

እታለም፦ ነጥቡ ላይማ የፈለግሽውን ስም አስገቢበት። የእኛ ሕንፃ በረኛ "የአራተኛ ፎቅ ሐበሻ" ነበር የሚለኝ። ሌላው ሰው ደግሞ "ስሪላንኪያ" ይለኛል። ሠራተኛ ማለቱ ነው፤ ከየትም አገር ምጪ ስምሽ እሱ ነው። ስሜን በትክክል የምትጠራኝ ከበላያችን ፎቅ የነበረች የአገሬ ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም ልብስ ስናሰጣ በመስኮት ነው።

እኔ፦ ጫማዋ ጋ ሲደርስ ምስሩን አስቀመጥሽው። አይቼሻለሁ።

እታለም፦ እንዴት አላስቀምጥ! ልጅቷ ዲዋና አገሯ ሳለች ያማረ ቀሚስ ለብሳ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋ ነው የምትሄደው። አሠሪዎቿ ፈረንሳይ ወስደው ወለል ሲያስወለውሏትም ያንኑ ለብሳለች። ሴትዮዋ ግብዣ የመጣሽ መሰለሽ ወይ ዓይነት ነገር ትላትና ሽርጥ ታስራታለች። ጫማሽንም አውልቂ። ሰው በአፉ ቢነግረኝ "ጫማ ነው፣ ምን አለበት" እል ነበር። እኔም ግን የሄድኩት መርካቶ በተገዛ አዲስ ጫማ ነው። አባቴ በግ ሸጦ የሰጠኝ ብር ነበረበት። ደጃፉ ላይ አስወልቀው የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሰጡኝ። የእኔን በፌስታል ጠቅልለው ቁም ሣጥን አናት ላይ አወጡት። ሰባት ዓመት እዚያ ተቀመጠ። የምመለስ ዕለት አወረድኩት፤ እግሬ አልገባ አለኝ። ቆሜ ስውል ሰፍቶ ኖሯል። በላስቲክ ጫማ ነው ቦሌ የወረድኩት።

እኔ፦ ይህን ነግረሽኝ አታውቂም፣ እታለም።

እታለም፦ አልጠየቅሽኝማ። አንቺም ሌላውም የምትጠይቁኝ "መቱሽ ወይ? አስራቡሽ ወይ?" ነው። አዎ ስል ታለቅሳላችሁ፤ አይ ስል ዕድለኛ ነሽ ትሉኛላችሁ። ይሄ ሰውዬ ግን ጫማውን አወቀ። እንዴት አወቀ?

እኔ፦ ሴምቤን የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ ካዛማንስ ከሚባለው የደቡብ ሴኔጋል አገር። ፈረንሳይ ሄዶ ማርሴይ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድና ሲጭን ኖሯል። ማንበብና መጻፉን በራሱ ጥረት አዳብሮ ልብ ወለድ ጻፈ። ኋላ ግን የሚጽፍላቸው የአገሩ ሰዎች አብዛኞቹ ማንበብ እንደማይችሉ አሰበ። አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረ። ከዚያ በፊትማ አፍሪካዊው ካሜራ ላንሣ ቢልም ቀላል አልነበረም፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣችው ደንብ በቅኝ ግዛቶቿ ያለ ፈቃድ ፊልም መቅረጽ ክልክል ነበር።

እታለም፦ ሸክም የሚያውቅ ሰው ነዋ! ለዚህ ነው ሥራዋ ላይ የሚቆየው። መታጠቢያ ቤቱን ስታጸዳ፣ ሩዙን ስታቀርብ ቁጭ ብሎ ያያታል። ፊቷን ደጋግሞ እያስጠጋ አልቅሱላት አይለንም።

እኔ፦ እኔንም በሙያዬ የሚገርመኝ እሱ ነው። ቤቱን ደግሞ አስተውለሽዋል? ግድግዳው ነጭ ነው። የተሰቀለውን ጭምብል በስጦታ ያመጣችላቸው እሷ ናት፣ ዳካር ሳሉ። ነጩ ግድግዳ ላይ ብቻውን ሰቅለውታል። ሴምቤን ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አይናገርም፤ አንዴ ጭምብሉን፣ አንዴ እሷን ያሳየናል።

እታለም፦ የምትቀጠርበትም ቦታ እንደዚያው ነው። ሴቶቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ማዳሟ ስትመጣ ሁሉም እኔን እኔን እያሉ ይሯሯጣሉ፤ ይቺ ግን አልተነሳችም። እሷን መረጠች። እኛም መክተብ በሚሉት የአስቀጣሪ ቢሮ ውስጥ ተደርድረን ስንጠብቅ የሚወስዱት ዝምተኛዋን ነበር። እናቴ "ጨዋ ልጅ ዓይኗን ትሰብራለች፣ ድምጿን አታሰማም" ብላ ማሳደጓ ለእነሱ ጠቀማቸው።

እኔ፦ ደብዳቤውስ?

እታለም፦ እሱን ተዪኝ… የእናቷ ደብዳቤ ሲመጣ ሰውዬው ያነብላታል። መልሱንም እሱ ይጽፍላት ጀመር፤ ደህና ነኝ፣ ተመችቶኛል እያለ። ደብዳቤውን ስትቀድደው እጄን ያዝኩ። እኔ በወር አንድ ቀን ስልክ ይፈቀድልኝ ነበር፤ ድምፁ ተለቆ፣ ማዳም አጠገቤ ቆማ። "ደህና ነኝ እማዬ፣ ደህና ነኝ" ነው ሌላ የለም። እናቴ አንድ ቀን "ድምፅሽ ቀጠነብኝ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ድምፄን ወፈር አድርጌ ማውራት የለመድኩት።

እኔ፦ ዲዋና ለአሠሪዎቿ በአፏ ብዙም አታወራም። በልቧ የምታወራውን ግን እንሰማለን። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ያ ድምፅ የተዋናይቷ አይደለም። የተጫወተችው ምቢሲን ቴሬዝ ዲዮፕ ልብስ ሰፊ ነበረች። የልቧን ድምፅ የሰጠችው ቶቶ ቢሳንት የምትባል የሄይቲ ተወላጅ ናት፣ ያውም በፈረንሳይኛ።

እታለም፦ ይሄማ ልክ አይደለም። ሰው በልቡ የሚያወራው አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው። እኔ በአፌ የነበረኝ የኩሽና ዐረብኛ ነው፤ ጥረጊ፣ ነይ፣ ቶሎ። በልቤ ግን አማርኛዬ ሙሉ ነበር። እንዲያውም ዝም ባልኩ ቁጥር ይበረታ ነበር። ሰው ሳይሰማኝ ከእናቴ ጋር ስንቱን ተጨዋውቼበታለሁ!

እኔ፦ ሴምቤንም እዚያ አልቆመም። ከሁለት ዓመት በኋላ "ማንዳቢ"ን በአገሩ በወሎፍ ቋንቋ ሠራ። ከፓሪስ ሐዋላ የተላከለት ሰው ነው፤ ገንዘቡን እንዳይቀበል መታወቂያ የለውም፣ መታወቂያ እንዳያወጣ ሌላ ወረቀት ይጎድለዋል። ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ገንዘቡ ሰው በልቶት ይቀራል። ከዲዋና በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 "ቦሮም ሳሬ" የሚባል 20 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፊልም ሠርቷል። ስለ አንድ ባለጋሪ ነው። አንድ አባት የሞተ ሕፃኑን በጋሪ ያስወስዳል፤ መቃብሩ በር ላይ ሲደርስ ወረቀት አላሟላህም ተብሎ ይመለሳል።

እታለም፦ በሕፃን ሬሳ ወረቀት!

እኔ፦ ባለጋሪውም ባለጸጎቹ ሰፈር ስለ ገባ ጋሪውን ይቀማል። የጦርነት ሜዳልያው መሬት ሲወድቅ ፖሊሱ በጫማው ይረግጠዋል።

እታለም፦ ይሄ ሰው ጫማ ያያል ማለት ነው። እሺ። አንድ ነገር ግን ይቅር አልለውም። ዲዋናን ለምን ገደላት?

እኔ፦ ታሪኩ ከእውነት የተነሣ ነው። ጋዜጣ ላይ የወጣ ዜና ነበር፤ መጀመሪያ አጭር ልብ ወለድ ጻፈበት፣ ቀጥሎ ፊልም አደረገው። መጨረሻ ላይ ሰዎች ባሕር ዳር ፀሐይ ሲሞቁ ጋዜጣ የሚያነብ አይተሻል አይደል? እሷ ያን ጊዜ ጥቂት መስመር ሆናለች። እሱ ጥቂቱን መስመር መልሶ ሰው አደረጋት።

እታለም፦ ገብቶኛል። ግን ስሚኝ። ከሕንፃችን ማዶ ከበረንዳ የወደቀች ልጅ ነበረች። ወደቀች ነው የተባለው። ማታ ሳይ አስፋልቱን በውሃ አጥበውታል። ስሟን ያወቅነው ከሞተች በኋላ ነው። ሰው የእኛን ነገር የሚሰማው ስንሞት ነው፤ ከሞትን ፎቶአችን ይወጣል፣ ከኖርን "ብሩን ምን አደረግሽው?" ይሉናል። ፊልምም እንደዚሁ የሞተችውን ከመረጠ፣ ጥርሷን ነክሳ ኖራ የተመለሰችው የት ትግባ?

እኔ፦ ፊልሙ ግን በሞቷ አያልቅም። ሰውዬው ሻንጣዋን፣ ደመወዟንና ጭምብሉን ይዞ ዳካር ይመጣል። እናቷ ብሩን አልቀበልም ትላለች።

እታለም፦ እሱስ ልክ ናት። ወሎ ውስጥ የደም ካሳ እንኳ የሚበላው ገዳይ በደሉን አምኖ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው። ሰውዬው መቼ አመነ? ከቦርሳው ብር አውጥቶ ዘረጋላት እንጂ። እዚያ የነበረው ትንሽ ልጅ ግን ደስ አለኝ። ጭምብሉን ፊቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ተከተለው። አልሰደበው፣ ድንጋይ አልወረወረበት። ሰውዬው ዞር እያለ፣ እርምጃውን እያፈጠነ መኪናው ድረስ ሸሸ። ሰኔ 2012 ላይ ቤይሩት ያሉ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ ትዝ ይልሻል? ልጆቹ ከነሻንጣቸው አስፋልት ዳር ተቀምጠው። ያን ቪዲዮ ሳይ አሠሪዎቹን የሚከተል አጣሁ። አንድ ልጅ እንኳ፣ ጭምብል ያደረገ።

በሁለተኛው እሑድ የወሰድኩላት የጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲን "ትንሿ ፀሐይ ሻጭ" ነበር። ባለፈው የተናገረችው ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሎኝ ነው የመረጥኩት።

እኔ፦ ይቺ አትሞትም ብዬሽ ነበር።

እታለም፦ አትሞትም! እንዴት ያለች ልጅ ናት! ሁለት ክራንች ይዛ፣ እግሯን እየጎተተች፣ ያ ሁሉ መኪና መሀል። ጋዜጣ የሚሸጡት ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው፤ ገፍተው ይጥሏታል። ተነሥታ ሄዳ "ወንድ የሚሠራውን ሴት ትሠራለች" ብላ እሷም ጋዜጣ ተቀበለች። የጋዜጣው ስም ፀሐይ ነው ያልሽኝ?

እኔ፦ "ለ ሶሌይ" ነው፣ የሴኔጋል ዕለታዊ ጋዜጣ። ሲሊ ትባላለች ልጅቷ። ማምቤቲ የጎዳና ልጆችን ጀግንነት ሊያስብበት ነው የሠራው። 45 ደቂቃ ነው፤ ፊልሙ ለሕዝብ ሳይቀርብ ማምቤቲ እ.ኤ.አ. በ1998 አረፈ።

እታለም፦ ነፍሱን ይማር። ከሁሉ ፖሊሱ ጋ ያደረገችው! ትልቅ ብር ይዛ ሲያያት ሰርቀሽ ነው አላት። እኔ ብሆን እግሩ ላይ ነበር የምወድቀው። እሷ ጣቢያ ድረስ ሄዳ አለቃውን ተሟገተችው። አልፋ ተርፋም ያለ ጥፋቷ የታሰረችውን ሴትዮ አስፈትታ ወጣች። ፓስፖርቴን የነጠቁኝ ቀን ይቺ ልጅ አጠገቤ ብትኖር ብዬ አሰብኩ። ፓስፖርቴን እኮ ያየሁት የገባሁ ቀንና የወጣሁ ቀን ብቻ ነው።

እኔ፦ አንዳንድ ሰው ግን ስለ አካል ጉዳተኛ ልጅ ሆኖ በጣም ደስታ በዛበት ይላል። ድህነቱን አቅልሎታል ብለው።

እታለም፦ ማን ነው ያለው? ክራንቿን ሲወስዱባት አላየም? እዚያ ጋ ሙዚቃ አስገብቶ ሊያስለቅሰን ይችል ነበር። ልጁ ጓደኛዋ ምን እናድርግ ሲላት እንቀጥላለን አለችው፤ አዘላት፤ ሄዱ። ልጄ፣ መታዘል እኮ ቀላል ነገር አይደለም። እናት ናት ልጇን የምታዝል። ያ ልጅ እናት ሆናት። አያቷ ዓይነ ስውር ናት፣ መንገድ ዳር እየዘመረች ትለምናለች፤ እንግዲህ ልጅቷ በቤቷ ደጋፊ እንጂ ተደጋፊ አይደለችም። ይህን አቅልሎታል የሚል ሰው ችግርን ከሩቅ ነው የሚያውቀው።

ሦስተኛው እሑድ የኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" ነበር። አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

እኔ፦ ይቅርታ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ረዘመብሽ መሰለኝ።

እታለም፦ ማረስ እኮ ረጅም ነው። በሬዎቹ ሲዞሩ፣ ሰውዬው ሲከተል፣ እንደገና ሲዞሩ። ቢያሳጥረው ውሸት ይሆን ነበር። የት ነው የተነሣው?

እኔ፦ እዚሁ አገር ቤት፣ ዘውዱ በወደቀበት ሰሞን። ኃይሌ አሜሪካ ተማሪ ነበር፤ መጥቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸው። ተዋንያኑ አብዛኞቹ ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎች ናቸው። በየካቲት 1967 የመሬት አዋጁ ወጣ፤ ፊልሙ ለዓለም የታየው ከዚያ በኋላ ነው።

እታለም፦ ባለመሬቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲቆጣ አባቴን አየሁት። ወንበሩ ላይ አይደለም፤ ከፊቱ ቆሞ። አባቴ እኩል አራሽ ነበር። እኔ አልደረስኩበትም፣ ግን ሲያወራ ይነሣል። ተቀምጦ እያወራ ጌታዬው ጋ ሲደርስ ሳያውቀው ተነሥቶ ይቆማል፤ ነጠላውንም ያስተካክላል። መሬቱን ካገኘ ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ። እናቴ "ተቀመጥ፣ ሞቷል እኮ" ትለዋለች።

እኔ፦ ይህንንም አልነገርሽኝም።

እታለም፦ ዛሬ ነው ያስታወስኩት። ፊልሙ ነው የነገረሽ በይ። እብዱ ከበበ ደግሞ… መሬቱን ተቀምቶ እብድ ተባለ። አገር ሁሉ የሚያውቀውን በአደባባይ ስለተናገረ። መጨረሻ ላይ ባለመሬቱን በዱላ ሲመታው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ደነገጥኩ። ልጅቷ ላሚቱን አድናለሁ ብላ ደራሽ ውሃ ሲወስዳት ግን አለቀስኩ። የእኛም ሰፈር እንደዚህ የሄደች ነበረች።

እኔ፦ እታለም፣ አሁን ልጠይቅሽ ነው። የአንቺን ፊልም…

እታለም፦ ቆይ። ያ ስለ ተጠለፈችው ልጅ የተሠራው፣ ፍርድ ቤት ያስቆመው፣ ምን ነበር?

እኔ፦ "ድፍረት"። በ2006 ዓ.ም. ውጭ አገር ሰንዳንስም በርሊንም የተመልካች ሽልማት አግኝቶ ነበር። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው አዳራሽ ከገባ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ከከሰሱት አንዷ ታሪኩ የእኔ ነው፣ ሳልፈቅድ ነው የተሠራው ያለችው ባለታሪኳ ናት። ጠለፋን ያወገዘ ፊልም ነበር፣ ለሴቶች የቆመ። ለእኔ በሙያዬ ከዚያ የከበደ ነገር አልገጠመኝም። ፊልሙ ጥሩ መሆኑ ለዚያች ሴት መልስ አልሆነላትም።

እታለም፦ እኔም የፈራሁት እሱን ነው። አንቺ ክፉ ስለሆንሽ አይደለም። ታሪኬን ወስደሽ ትሄጃለሽ፤ የሆነ አገር ሽልማት ይሰጡሻል፤ እኔ ሱቅ እንጀራ ሳስረክብ ሰው "ያቺ የተደበደበችው" ይለኛል። ስለዚህ ስሚኝ። ስለ ዱላ አላወራልሽም። ስለ ጫማው አወራልሻለሁ። ስለ እናቴ ስልክ አወራለሁ። ከላይ ፎቅ ስለነበረችው ልጅ እሷን ሳልጠይቅ አላወራም፤ ባሕሬን ናት አሁን፣ ቁጥሯ አለኝ። ከተሠራ በኋላ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ፤ አውጪው ያልኩሽን ታወጫለሽ።

እኔ፦ አወጣለሁ።

እታለም፦ ሌላው ደግሞ፣ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ መብራት እያበራሽ አታናግሪኝ። ቆሜ ነው የኖርኩት፣ እየሠራሁ አንሺኝ።

እኔ፦ መቼ ልምጣ?

እታለም፦ ነገ ሌሊት አሥር ሰዓት። ሊጡ ኩፍ ብሏል። መብራት ስለሌለ በማገዶ ነው የምጋግረው፤ ዓይንሽን ያቃጥልሻል።

እኔ፦ ካሜራውን ከየት ላስቀምጠው?

እታለም፦ እሱን በኋላ እናየዋለን። መጀመሪያ ማገዶውን ታቀብይኛለሽ።